ጠንካራ የካምፒንግ ቢላ አመራረጥ፦ ስንት ሚሊ ሜትር? የቱ ብረት?

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ደውሎ «ምን ላምጣልህ?» ሲል፣ ወይም መርካቶ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አሥር ዓይነት ቢላ ተደርድሮ ሲታይ፣ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በትልቁና በወፍራሙ ላይ ነው። ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ የብረቱን ስም እየጠራ ዋጋውን ይሰቅላል። ድንኳን ተክሎ ማደር የሚወድ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ደግሞ በሁለት ነገር ነው፤ ከሥራው በላይ በወፈረ ቢላ፣ እንዲሁም ቤት ባለው ድንጋይ በማይሳል ውድ ብረት። ከመክፈልዎ በፊት ቢላውን በእጅዎ ይዘው፣ ወይም የተላከልዎትን ፎቶና መግለጫ እያዩ፣ ከታች ባለው ተራ ይመዝኑት። ተራውን አያፋልሱ። ሥራው ይቀድማል፣ ውፍረትና ተዳፋት ይከተላሉ፣ የብረቱ ስም በአራተኛ ደረጃ ነው የሚመጣው።

የሚያስፈልግዎት ካሊፐር (ከሌለ አንድ ሃምሳ ቅጠል የፎቶ ኮፒ ወረቀት)፣ የስልክ መብራት፣ አንዲት ትንሽ ሞረድ እና አንድ ካሮት ነው። የካሮቱ ነገር ኋላ ይመጣል።

1. ቢላው የሚውልበትን ሥራ ይወስኑ

ብዙ ሰው ስለ ካምፕ ቢላ ሲያስብ እንጨት መፍለጥ ይታየዋል። የካምፕ ውሎን ልብ ብለው ካዩት ግን ቢላ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሽንኩርትና ቲማቲም በመክተፍ፣ ሥጋ በመቁረጥ፣ ገመድ በመበጠስና የድንኳን ካስማ በማሾል ነው። እንጨት መፍለጥ ማታ እሳት ሲለኮስ የሚመጣ አጭር ሥራ ነው።

የሚሄዱበት ቦታም ይወስናል። ሰሜን ተራሮችና ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ አስታውም ጅብራውም አይነካም። እዚያ ምግብ በጋዝ ወይም በላምባ ምድጃ ስለሚያበስሉ ከባድ ቢላ መሸከም ትርፉ ድካም ነው። ላንጋኖ ዳር ወይም በሰው ይዞታ ላይ፣ ገዝተው ያመጡትን ባሕር ዛፍ እየፈለጡ እሳት የሚያነዱ ከሆነ ግን ወፈር ያለ ብረት ያስፈልግዎታል። ደረቅ ግራርን በቢላ እፈልጣለሁ አይበሉ፤ ለእሱ መጥረቢያ አለ።

ርዝመቱን እዚሁ ላይ ይወስኑ። ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስለት ለምግብም ለእንጨትም ይመቻል። እንጨት ሲፈለጥ የቢላው ጀርባ በዱላ የሚመታው ከእንጨቱ አልፎ በወጣው ጫፍ በኩል ስለሆነ ቢያንስ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ትርፍ መኖር አለበት። ስለዚህ 11 ሴንቲ ሜትር ቢላ የሚፈልጠው 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን ፍልጥ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ጉማጅ የቢላ ሥራ አይደለም።

2. ውፍረቱን በሦስት ቦታ ይለኩ

ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አሥር ቅጠል ተደራርቦ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 32 ቅጠል ጠበቅ አድርገው ይዘው ከቢላው ጀርባ ጎን ያስጠጉት፤ እኩል ከመጣ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ወረቀት ሲቆጥሩ ሻጩ ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ።

የመጀመሪያው ቦታ ከእጀታው አጠገብ ያለው ጀርባ ነው። መግለጫ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ይኸው ነው። ሁለተኛው ከጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ያለው ጀርባ ነው፤ ብረቱ እዚህ ላይ በጣም ከሳስቶ ከሆነ ጫፉን ለመፈልቀቅና ለመሰርሰር አይመኑት። ሦስተኛው ሻጭ የማይነግርዎት ነው፤ የተሳለው ጠርዝ በሚጀምርበት መስመር ላይ፣ ከስለቱ ልክ በላይ ያለው ውፍረት። ቢላ የሚቆርጠው በዚህ ቦታ ነው። 0.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም አምስት ቅጠል ወረቀት ያህል ከሆነ ለካምፕ ጥሩ ሚዛን ነው። ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ የፈለገውን ያህል ቢሳል ሽንኩርት ላይ ይንገታገታል፤ ከ0.3 በታች ከሆነ ደግሞ አጥንትና የእንጨት አንጓ ይሸራርፉታል።

የጀርባው ውፍረት ምን እንደሚሰጥ ለማወቅ ትንሽ ሒሳብ ይጠቅማል። አንድ ብረት ላለመታጠፍ የሚያሳየው ግትርነት በውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ያድጋል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ነው። ከ3 ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ሲሄዱ ብቻ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ይህ ማለት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥሩ ብረት ራሱ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ጠንካራ ነው፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በኋላ የሚጨመረው ግትርነት ደግሞ በእጅ ጉልበት የማይፈተን ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፍዎት ክብደቱ ነው።

በእጅ የሚገኙ ቢላዎችን ብናነጻጽር፣ የስዊድኑ ሞራ ኮምፓኒየን የማይዝገው ዓይነት 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለምግብና ለቀላል ሥራ እጅግ የተመቸ፣ ጭራሮ ለመሰንጠቅም የማያንስ። የዚያው ፋብሪካ ጋርበርግ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው ኢሲ 4 የሚባለው 4.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን እንጨት ለሚያበዛ ሰው ነው። ካባር ቤከር ቢኬ2 ደግሞ 6.35 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የመጨረሻውን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ሰው አልመክርም፤ በዚያ ክብደት ትንሽ መጥረቢያ ቢይዝ ይሻለዋል።

እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት «ወፍራም ከሆነ አይሰበርም» ብሎ መደምደም ነው። ቢላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከስቶ ሳይሆን ብረቱ ከመጠን በላይ ደርቆ፣ ወይም እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራ ቀጥኖ ነው።

3. ተዳፋቱን ይመልከቱ

ቢላውን ጫፉን ወደ ዓይንዎ አድርገው በስልክ መብራት ይዩት። ከጀርባ ወደ ስለት የሚወርደው ጎን ከየት እንደሚጀምር ይታያል። ተዳፋቱ ከጀርባው ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ወፍራም ቢላም በደንብ ይቆርጣል። አንድ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቢላ እንዲህ ቢሠራ የሁለቱ ጎኖች ማዕዘን 10 ዲግሪ አይሞላም። ይኸው ውፍረት ተዳፋቱ ከታች ከ12 ሚሊ ሜትር ላይ ቢጀምር ግን ማዕዘኑ ወደ 24 ዲግሪ ይጠጋል፤ ይህ ሽብልቅ እንጂ ቢላ አይደለም። እንጨት ይፈልጣል፣ ዳቦ ግን ያደቃል።

የሞራ ቢላዎች ተዳፋታቸው ከወገብ በታች ጀምሮ እስከ ስለቱ ድረስ አንድ ወጥ ነው። ሲሳል ጎኑን ድንጋይ ላይ ማስተኛት ስለሚበቃ ማዕዘን መገመት የለም፤ መሳል ለሚለማመድ ሰው ከዚህ የሚቀል የለም። ጎበጥ ብሎ የሚወርድ ሆዳም ተዳፋት ለፍልጥ ጎበዝ ነው፣ መሳሉ ግን ልምድ ይጠይቃል። ወደ ውስጥ የሰረጎደውን ለከባድ ሥራ ይተዉት፤ ከስለቱ በላይ ስስ ነው።

አሁን ካሮቱን ያምጡ። ቁመቱን ተከትለው ሳይሆን አግድም ይቁረጡት። ቢላው እስከ ታች በጸጥታ ከወረደ ተዳፋቱ ጥሩ ነው። ገና ግማሽ ሳይደርስ ካሮቱ «ቀጭ» ብሎ ከተሰነጠቀ፣ ስለቱ ሳይሆን ውፍረቱ እየገነጠለው ነው። ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ቢላ ተውሰው ይህን ቤትዎ ቢሞክሩት መግለጫ ከማንበብ የበለጠ ያስተምራል።

4. ብረቱን ይምረጡ

የቢላ ብረት ሦስት ጠባይ አለው፤ ስለት ይይዛል፣ ሳይሰበር ይችላል፣ ዝገት ይቋቋማል። አንዱን ሲያጠብቁ ሌላው ይላላል። ካርበን ሲጨመር ስለት መያዙ ይሻላል፣ መሸራረፉም ይመጣል። ክሮሚየም ወደ 13 በመቶ ሲጠጋ ብረቱ ከዝገት ይጠበቃል። ለካምፕ ቢላ ሳይሰበር መቻሉን ያስቀድሙ፤ የደነዘ ቢላ ማታ ይሳላል፣ የተሰበረ ግን ተራራ ላይ ምንም አይደረግም።

ክሮሚየም የሌላቸው ወይም በጣም ያነሰባቸው የካርበን ብረቶች ውስጥ የታወቁት 1095 እና 5160 ናቸው። 1095 ወደ 0.95 በመቶ ካርበን አለው፤ በቀላሉ ስል ይሆናል፣ በተራ ድንጋይ ይሳላል፣ ዋጋውም አይከብድም። 5160 ካርበኑ 0.6 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለቱ ቶሎ ቢደነዝም ድብደባ የሚችል ነው፤ የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ዓይነት ብረት ነው። ሁለቱም ይዝጋሉ። ሎሚ ወይም ቲማቲም ቆርጠውበት ሳያጥቡት ካቆዩት ፊቱ ይጠቁራል፣ የብረት ጣዕሙም ወደ ምግቡ ይሄዳል። ጥቁረቱ ራሱ ጉዳት የለውም፤ ቀዩ ዝገት ነው መወገድ ያለበት።

ከማይዝጉት ውስጥ 12ሲ27 እና 14ሲ28ኤን ለካምፕ የተመቹ ናቸው። ካርበናቸው 0.6 በመቶ አካባቢ፣ ክሮሚየማቸው ከ13 እስከ 14 በመቶ ስለሆነ ዝገትን ይቋቋማሉ፣ አይሸራረፉም፣ ድንጋይ ላይም አያስቸግሩም። 420ኤችሲ ከእነሱ ዝቅ ይላል፣ ግን በጥሩ ፋብሪካ ሲሠራ የሚናቅ አይደለም። 440ሲ ስለት ይይዛል፣ ለድብደባ ግን አይደለም። መግለጫው «440» ብቻ ካለ ይጠንቀቁ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ አሉ፣ ዋጋ ያለው ሲ ነው፣ ፊደሉን የደበቀ ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ሲ የለውም።

ዲ2 ገበያውን አጥለቅልቆታል። 1.5 በመቶ ካርበንና 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ስላለው ስለት አያያዙ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ክሮሚየሙ ከካርበኑ ጋር ስለሚተሳሰር ዝገት የሚከላከለው ጥቂቱ ነው፤ አንጓ ላይ ሲመታም ስለቱ ይሸራረፋል። ለኪስ ሰንጢ ይሁን፣ ለፍልጥ አይግዙት። ውዶቹ ውስጥ ሲፒኤም 3ቪ ለድብደባ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ማግናከት ደግሞ አለመዛግንና አለመሰበርን አንድ ላይ የያዘ ነው። ኤስ30ቪ ስለት በመያዝ ይታወቃል፣ ድብደባ ላይ ግን ከ3ቪ ጋር አይወዳደርም። እነዚህን የሚገዛ ሰው የአልማዝ መሳያ አብሮ መግዛት አለበት፤ ግቢ ውስጥ ያለው ድንጋይ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ውጤት አይሰጥም።

«ሰርጂካል ስቲል» የሚል ጽሑፍ የብረት ስም አይደለም፤ ምንም አይነግርዎትም። በርካሽ የሚሸጥ የዳማስከስ ቢላም እንዲሁ ነው፤ ማዕበሉ ያምራል፣ ስለቱ ላይ ያለው ብረት ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ፍርዴን ካላችሁኝ፣ ምግብ ለሚያበዛና ዝናብ ለማይቀርበት ሰው 3.2 ሚሊ ሜትር ባለ 12ሲ27 ወይም 14ሲ28ኤን፤ እንጨት ለሚያበዛና ብረቱን ለሚንከባከብ ከ4 እስከ 4.8 ሚሊ ሜትር ባለ 1095 ወይም 5160። ሌላው የገንዘብና የፍላጎት ጉዳይ ነው።

5. የጥንካሬውን ቁጥር ይጠይቁ

አንዱ ብረት በሁለት ፋብሪካ ሁለት ዓይነት ቢላ ይሆናል። የሚለየው ብረቱ እንዴት እንደጋለ፣ እንዴት እንደቀዘቀዘና ተመልሶ እንዴት እንደለሰለሰ ነው። ውጤቱ በሮክዌል ሲ መለኪያ፣ በኤችአርሲ ይገለጻል። ለከባድ ሥራ ከ55 እስከ 58 ያለው ተስማሚ ነው። ከ60 በላይ ሲሆን ብረቱ እንደ 3ቪ ድብደባ የሚችል ካልሆነ በቀር ይሸራረፋል፤ ከ54 በታች ስለቱ ይታጠፋል። ጥሩ አምራች ይህን ቁጥር አይደብቅም። ብረቱን ጽፎ ጥንካሬውን ያልጻፈ ሻጭ ካጋጠመዎት ይጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ወደሚቀጥለው ይለፉ።

6. ጭራውንና እጀታውን ይፈትሹ

ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ሙሉ ስፋቱን ይዞ ቢገባ ለድብደባ ይመረጣል፤ በእጀታው ጠርዝ ዙሪያ ብረቱ ይታያል። ሞራ ኮምፓኒየን እንዲህ አይደለም፤ ጭራው እጀታው ውስጥ ያልቃል፣ ስለዚህ ቀለል ያለ ሥራ ይስጡት። በፊልም የታወቁት ክብሪትና መንጠቆ የሚይዙ ክፍት እጀታዎች ከሥራቸው ይሰበራሉ፤ ለጌጥ ካልሆነ አይግዟቸው። ጀርባው ላይ መጋዝ የተሠራለትን ቢላም እንዲሁ ይተዉ፤ መጋዙ እንጨት አይቆርጥም፣ የሚመቱበትን ዱላ ግን ይበላል።

7. በባሌስትራ ማሠራት ከፈለጉ

ይህ ለአገር ቤት አንባቢ ርካሹና ብዙ ጊዜ ጥሩው መንገድ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም በየከተማው ያለ ብረት ቀጥቃጭ ከአሮጌ ባሌስትራ ቢላ ያወጣልዎታል። የባሌስትራ ብረት ብዙ ጊዜ የ5160 ዘመድ ነው፤ ሥራው ካልተበላሸ ፋብሪካ ከሚያመጣው አያንስም። ነገር ግን አራት ነገር ቆመው ያስፈጽሙ።

ብረቱን ራስዎ ይምረጡ። ከፌሮ የተሠራ ቢላ አይቀበሉ፤ የፌሮ ካርበን አነስተኛ ስለሆነ ጋለም ቀዘቀዘም አይጠነክርም። ባሌስትራውንም በመብራት ይዩት፤ ብዙ ዓመት የታጠፈና የተቃና ብረት ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።

ውፍረቱን አስቀድመው ይናገሩ። ባሌስትራ እንዳለ ብዙ ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ካልተናገሩ ቀጥቃጩ ጉልበቱን ቆጥቦ እንዳለ ይተወዋል። 4 ወይም 4.5 ይበሉት፣ ተዳፋቱም ከጀርባው እንዲጀምር።

በውኃ እንዳያቀዘቅዘው። ይህ ብረት ውኃ ውስጥ ሲገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀልቶ ማግኔት መሳቡን ካቆመ በኋላ ትንሽ ጨምሮ ይጋልና ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይግባ፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ይሆናል። ወዲያው ሞረድዎን ስለቱ ላይ ይሞክሩ። ሞረዱ ብረቱን ከነከሰ አልጠነከረም፣ ይደገም። መስተዋት ላይ እንዳለ ከተንሸራተተ ጠንክሯል።

ጠነከረ ብለው ይዘውት እንዳይሄዱ። በዚህ ሁኔታ መሬት ላይ ቢወድቅ እንኳ ሊሰበር ይችላል። ዘይቱን ጠርገው፣ ፊቱን በሸራ ወረቀት አጽድተው፣ ቤት በ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ኦቨን ውስጥ ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ያስቀምጡት። የነጣው ብረት ፈዛዛ የገለባ ቀለም ሲይዝ ደርሷል። ሰማያዊ ከሆነ ከመጠን በላይ ለስልሷል፤ ለስለት አይሆንም።

8. ሞክረው ይሳሉ

አዲስ ቢላ መጀመሪያ የደረቀ ባሕር ዛፍ አንጓ ላይ ደጋግመው ይክተፉበትና ስለቱን በመብራት ሥር ወደ ላይ አዙረው ይዩት። ጤነኛ ስለት ብርሃን አይመልስም። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካዩ ወይ ታጥፏል ወይ ተሸርፏል። በጥፍርዎ ጎን ቀስ ብለው ሲነኩት ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ ታጥፏል፤ ጎድጓዳ ከሆነ ተሸርፏል። መታጠፍ በትንሽ መሳል ይስተካከላል። የተሸራረፈውን ማዕዘኑን ሰፋ አድርገው አንዴ ይሳሉት፤ ከዚያ በኋላም ከተደገመ ችግሩ የብረቱ ነውና ወደ ገዙበት ይመልሱት።

ለካምፕ ቢላ በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ለመገመት ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ይህ 90 ነው፤ ግማሹን ያጋድሉት፣ 45 ይሆናል፤ እንደገና ግማሹን፣ 22 ተኩል ደረሱ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ። 400 እና 1000 ቁጥር ድንጋይ ለአብዛኛው ሰው ከበቂ በላይ ነው።

መንገድ ዳር በሚሽከረከር ድንጋይ ብልጭታ እያስነሱ ለሚስሉ ሰዎች ጥሩ ቢላ አይስጡ። ስስ የሆነው ጠርዝ በቅጽበት ይግልና ሰማያዊ ይሆናል፤ ወደ 300 ዲግሪ ገደማ ደረሰ ማለት ነው፣ በ5ኛው ደረጃ የከፈሉበት ጥንካሬ እዚያው ይቀራል።

9. አያያዝና ጉዞ

በአውሮፕላን ሲሄዱ ቢላ ወደ ጭነት ሻንጣ እንጂ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ስለቱ ፈታሽ እጅ እንዳይቆርጥ ይጠቅለል። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ቋሚ ስለት ያለው ቢላ በአደባባይ መያዝ ወንጀል መሆኑን አትርሱ፤ ያለ ምክንያት የሚፈቀደው ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ የማይቆለፍ ሰንጢ ነው። በሌላ አገር ያለ አንባቢም የአካባቢውን ሕግ ሳያይ አይያዝ።

ከተጠቀሙ በኋላ አጥበው ያድርቁት። የካርበን ብረት ከሆነ ቀጭን ዘይት ይቀቡት፤ ምግብ የሚቆረጥበት ስለሆነ የሞተር ዘይት አይሁን። የምግብ ዘይት ለጥቂት ቀን ይሆናል፣ ለብዙ ወር ሲቀመጥ ግን እንደ ሙጫ ይሆናል። ቤት ሲመለሱ ከቆዳ አፎቱ አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ቢላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚዝገው ጫካ ውስጥ ሳይሆን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።